ከግድቡ እስከ ምጣዱ

የተከበራችሁ የሐይቅ፣ የውጫሌና የአካባቢው ከተሞች መራጮች፣

አርዲቦ ከላይ፣ ሎጎ ሐይቅ ከታች መሆናቸውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከአርዲቦ የተረፈው ውኃ በአንከርካ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ወደ ሐይቅ ይገባል። አርዲቦ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ አንከርካ በደለል ቢደፈን ታች ያለው ሰው ጠብታ አያገኝም። የአገራችን የመብራት ችግር ዛሬ የደረሰበት ደረጃ ይኸው ነው። ላይ ውኃው ሞልቷል፤ ቦዩ ግን ተሰብሯል።

ይህን ጽሑፍ በምርጫ መግለጫችን ውስጥ ለብቻው ያወጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየስብሰባው ስለ ዴሞክራሲና ስለ ሕግ የበላይነት ስንናገር ሕዝቡ በጸጥታ ያዳምጠናል። መብራት ብለን ስንጀምር ግን አዳራሹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራል። አንዳንድ አባሎቻችን «የሰፈር ትራንስፎርመር እንዴት የአንድ አገር አቀፍ ፓርቲ አጀንዳ ይሆናል?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ይሆናል። ሹም ለሕዝብ ተጠያቂ መሆኑና አለመሆኑ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ ከቤታችን በር ላይ የቆመው ምሰሶ ነው።

ግድቡ የሕዝብ ነው

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠ ጀምሮ መምህሩ ከወር ደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ገበሬው ከእህሉ ሽያጭ ቦንድ ገዝቷል። ግድቡን የገነባው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው። እኛ ተቃዋሚዎች ብንሆንም በዚህ ግድብ እንኮራለን። የሕዝቡ ላብ የማንም ፓርቲ የምርጫ ፖስተር ሲሆን ግን ዝም አንልም።

ኩራት ብቻውን አምፖል አያበራም። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ነበር። ግልገል ጊቤ በ1996 ዓ.ም. 184፣ ተከዜ በ2002 ዓ.ም. 300፣ ጣና በለስ በዚያው ዓመት 460፣ ጊቤ ሦስት ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋ ዋት። ሁሉም ሪባን ተቆርጦላቸዋል፤ በቴሌቪዥን ታይተዋል። ለሰፈር ትራንስፎርመር ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን ግን እስከ ዛሬ አላየንም። ገንዘቡም ትኩረቱም የሄደው ሪባኑ ወዳለበት ነው።

በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲታደል የተነገረን ምክንያት እውነት ነበረው፤ የሚመነጨው ኃይል አይበቃም ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ፈረቃ ሲመለስም የጊቤ ሦስት ውኃ መቀነሱ ተነገረን። ከሕዳሴ ግድብ ምረቃ በኋላ ግን ይህ ምክንያት የሚያስኬድ አይደለም። ኢትዮጵያ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለጅቡቲ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ኃይል መሸጥ ጀምራለች። ባለፉት ዓመታት ቢትኮይን የሚባለውን የኮምፒውተር ገንዘብ ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎችም ስትሸጥ ቆይታለች። መሸጡን አንቃወምም፤ የመስመር ዕቃ አብዛኛው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነውና ዶላሩ ያስፈልጋል። የእኛ ጥያቄ ከዚያ ዶላር ውስጥ ስንቱ ተመልሶ ወደ ሰፈር መስመር ገባ የሚል ነው። ይህን በግልጽ ቆጥሮ ለሕዝብ ያስረዳ ባለሥልጣን የለም።

የሚሰበረው የት ላይ ነው?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወሎን አቋርጦ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ የሚሄደው መስመር 230 ኪሎ ቮልት የተሸከመ ነው። እንዲህ ያለው ኃይል በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት ይወርድና በየከተማው በምሰሶ ላይ ይዞራል። በመጨረሻም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና ወደ 220 ቮልት አውርዶ ለየቤቱ ያድላል። በሌላውም ዓለም ቢሆን ደንበኛ ቤት የሚደርሰው የመብራት መቋረጥ አብዛኛው የሚመጣው ከግድቡም ከትልቁ መስመርም አይደለም። የሚመጣው ከዚሁ ከማሰራጫው ነው።

እስቲ የወጥ ቤቱን ሂሳብ አብረን እንሥራ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። በአማካይ 3.5 እንበል። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚባለው ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለው 28 ምጣድ ብቻ ነው፤ ያውም በሰፈሩ ሌላ አንድ አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የብየዳ ማሽን ሳይሠራ። ትራንስፎርመሩ ሲተከል በሰፈሩ ምጣድ የነበራቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ስንት ቤት፣ ስንት ሰርቪስ ቤት፣ ስንት ጸጉር ቤት፣ ስንት ብረታ ብረት ቤት እንደተንጠለጠለ ከናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በበዓል ዋዜማ ሁሉም እናቶች በአንድ ጊዜ ሲጋግሩ መብራቱ የሚጠፋው በአጋጣሚ አይደለም።

መብራቱ ሳይጠፋ ሲደክምስ? 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት ከሦስት እጅ ወደ ሁለት እጅ ገደማ ይወርዳል። ሊጡ ይፈሳል፣ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እናት ያንኑ ሊጥ ለመጨረስ ረዘም ላለ ሰዓት ትጋግራለች፤ ካልሆነም ወደ ማገዶው ትመለሳለች። የወፍጮ ቤት ሞተር ደግሞ ከምጣድ ይለያል። ቮልቱ ሲወርድበት ያንኑ ሥራ ለመሥራት ከመስመሩ የበለጠ ከረንት ይስባል፤ ይግላል፤ ጠምዛዛው ሽቦ ይቃጠላል። የወፍጮ ቤት ባለቤቶች በየጊዜው ሞተር ሲያስጠቀልሉ የሚኖሩት ለዚህ ነው።

ትራንስፎርመሩም ይታመማል። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት በውስጡ ያለው ዘይትና ወረቀት ይግላል። የሙያው ሰዎች የሚያውቁት ሕግ አለ፤ ሙቀቱ ከተፈቀደው በላይ በየ6 እና በየ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የመከላከያው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ሠላሳ ዓመት ማገልገል የሚገባው ዕቃ በጥቂት ዓመት የሚሞተው በዚህ ነው። ፊውዝ የተሠራው ትራንስፎርመሩን ለማዳን ነበር። ፊውዝ ሲጠፋ ግን የመዳብ ሽቦ ይታሰርበታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቃጠለው ሽቦው ሳይሆን ትራንስፎርመሩ ራሱ ይሆናል። በዚህ ላይ በባዶ እጁ ምሰሶ የሚወጣውን ሠራተኛ አንወቅስም። በመጋዘን ትክክለኛው ፊውዝ ከሌለ እሱ ምን ያድርግ?

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ኒውትራል የሚባለው መስመር ሲላቀቅ ነው። ያ አንዱ ሽቦ በዝገት ወይም በነፋስ ሲበጠስ በአንዳንድ ቤቶች 220 ቮልት የነበረው እስከ 380 ሊደርስ ይችላል። በአንድ ሌሊት የሰፈሩ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና የስልክ ቻርጀር የሚያልቀው በዚህ ጊዜ ነው። የተቃጠለበት ሰው አቤት የሚልበት፣ ካሣ የሚጠይቅበት መንገድ በተግባር የለም። ምሰሶውስ? ባሕር ዛፉ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ላይ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይበላዋል። ምሰሶው ሲያዘነብል ሽቦው ይረግባል፤ ነፋስ ሲመጣ ባዶ ሽቦ ከባዶ ሽቦ ይነካካል፤ ብልጭ ይላል፤ ሰፈሩ ይጨልማል። ሕፃናት ከሥሩ ይጫወታሉ።

የጨለማው ዋጋ

በአርዲቦና በሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያጠምዱ ወጣቶች አሉን። ቆሮሶ ከውኃ ከወጣ በኋላ ያለ በረዶ ብዙ ሰዓት አይቆይም። ፍሪጁ ሥራ ካቆመ አጥማጁ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ገዢው ባቀረበለት ዋጋ መሸጥ ወይም መጣል። ገዢውም ይህን ያውቃል። እንግዲህ ወጣቱን «ተደራጅ፣ ሥራ ፍጠር» የምንለው የሥራው ግማሽ በበረዶ ላይ የቆመ መሆኑን ረስተን ነው?

የከተማ ውኃ በፓምፕ ነው የሚሳበው፤ መብራት ሲጠፋ ቧንቧውም ይደርቃል። የጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ፣ የስልክ ማማ፣ የባንክ ቅርንጫፍ ሁሉም በዚያው ሽቦ ላይ ናቸው። ጀነሬተር መግዛት የሚችል ነጋዴ የነዳጁን ወጪ ዕቃው ላይ ይጨምረዋል፤ ስለዚህ የጨለማውን ሂሳብ የሚከፍለው በመጨረሻ ሸማቹ ነው። ጀነሬተር የሌለው ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚያጠና ልጅ በስልክ ባትሪ ደብተር ሲያይ ያላየ ወላጅ ካለ ይንገረን።

«ሽፋን» ስለሚባለው ቁጥር

በ1998 ዓ.ም. ሁለንተናዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ከተሞችና መንደሮች መስመር ገብቶላቸዋል። ይህ በጎ ሥራ ነው፤ አንክድም። የተነገረን «ሽፋን» ግን ለረጅም ጊዜ የተቆጠረው መስመር በገባበት ከተማና ቀበሌ በሚኖረው ሕዝብ ብዛት እንጂ መብራት በገባባቸው ቤቶች ቁጥር አልነበረም። ሽቦው በአናቱ ላይ የሚያልፍበት፣ ከጎረቤት ቆጣሪ ጠልፎ የሚያበራው፣ ኩራዝ የሚለኩሰው ሁሉ ተሸፍኗል ተብሎ ተቆጥሯል። በኋላ በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ወጣ፤ በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ በ2017 ዓ.ም. ሁሉም ኢትዮጵያዊ መብራት ያገኛል ተባለ። 2017 ዓ.ም. አለፈ። ከሕዝባችን ወደ ግማሽ የሚጠጋው እስከ ዛሬ መብራት የለውም። ያለውም የቀኑን ስንት ሰዓት እንዳለው የሚቆጥርለት የለም።

አንድ የውጭ አገር ምሳሌ እናንሳ። ቬትናም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ጦርነቱ ሲያበቃ ከገጠር ቤተሰቦቿ መብራት የነበራቸው 2.5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2009 ወደ 96 በመቶ ደርሷል። በመጀመሪያ መንደሮቹ በራሳቸው መዋጮ በቀጭን ሽቦና በደካማ ምሰሶ መስመር ዘረጉ። ፈጠኑ፤ ነገር ግን ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክን፣ ቮልቱ ይወርድ ነበር። መንግሥታቸው ይህን አልሸፋፈነም። ተመልሶ እነዚያን አሮጌ የሰፈር መስመሮች እንደገና ለመሥራት ራሱን የቻለ በጀትና ፕሮጀክት መደበ። እኛ አገር ከመጀመሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመናል።

ታሪፉና ጦርነቱ

ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ለ12 ዓመታት ያህል የመብራት ታሪፍ አልተነካም። ሕዝቡ ደስ አለው፤ ገዢው ፓርቲም ርካሽ መብራት ሰጠሁ አለ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ያ ርካሽነት የተከፈለው ሊጠገን ሲገባው ባልተጠገነ ትራንስፎርመር ነው። ይህን መናገር በምርጫ ሰሞን ድምፅ ያስጥላል ይባላል፤ ይሁን። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ታሪፉ በየዓመቱ እንዲጨምር ተደረገ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተጀመረ። ዋጋው ወጣ፤ መብራቱ ግን እንደ ድሮው ይጠፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚገባው ኬብል፣ ቆጣሪና ትራንስፎርመር በብር ሲታሰብ እጅግ ተወደደ። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ከፈለ።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ አመንጪ፣ ሌላው አከፋፋይ ሆነ። ሐሳቡ ተጠያቂነቱ እንዲለይ ነበር። በተግባር የሆነው ለአንድ ጨለማ ሁለት ስም መገኘቱ ነው። «ችግሩ ከላይ ነው» እና «ችግሩ ከታች ነው» ሲባባሉ ሕዝቡ መሐል ቀረ።

በዚህ ላይ ጦርነቱ መጣ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ እጅ ወደቁ፤ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. እስኪለቀቁ ድረስ ወሎ ያየውን መከራ መዘርዘር አያስፈልግም። ወደ ሰሜን ያሉ የወሎ ከተሞች ለወራት በጨለማ ኖረዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሳው ግጭት ደግሞ የጥገና ሠራተኛውን መንገድ ዘጋበት። ሽቦ ለመቀጠል የሚወጣ ሰው የማንም ወገን ወታደር አይደለም። ማንም ታጣቂ፣ የመንግሥትም ይሁን ሌላ፣ የመብራትና የውኃ ጥገና ቡድንን እንዳያስቆም እንጠይቃለን፤ ይህ ከምርጫው በፊትም በኋላም የማይለወጥ አቋማችን ነው።

ምን እናደርጋለን?

መጀመሪያ እንቆጥራለን። በየከተማው ያለው ትራንስፎርመርና ምሰሶ ሁሉ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ በምሽትና በጋገራ ሰዓት ጭነቱ ተለክቶ ውጤቱ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ይህ ውድ ሥራ አይደለም። በእጅ የሚያዝ መለኪያና ሁለት ሠራተኞች ይበቃሉ። ሕዝቡ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ስንት እጅ እንደተጫነበት ካወቀ «በቅርቡ ይስተካከላል» የሚለው መልስ ዋጋ አይኖረውም። ለየትኛው ሰፈር በቅድሚያ ይቀየር የሚለውም በዘመድና በእጅ መንሻ ሳይሆን በዚያ ቁጥር ይወሰናል።

ሁለተኛው ሥራ አቀማመጡን መለወጥ ነው። አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር አንድ ጥግ ተክሎ እስከ ሰፈሩ ዳር ቀጭን ሽቦ መጎተት ቮልቱን መንገድ ላይ ይገድለዋል። የሚባክነው ኃይል በከረንቱ እጥፍ ሳይሆን በካሬው ነው የሚያድገው፤ ከረንቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አነስተኛ ትራንስፎርመሮችን ወደ ቤቶቹ አቅርቦ መትከል ይሻላል። ባዶ ሽቦው በተሸፈነና በተጠማዘዘ ኬብል ይተካ፤ የበሰበሰው እንጨት በኮንክሪት ምሰሶ ይለወጥ። መስመሩ በየመካከሉ ማቋረጫ ይኑረው፤ አንድ መንደር ላይ ዛፍ ስለወደቀ ሦስት ከተማ አይጨልም።

ሦስተኛ፣ ታሪፍን ከአገልግሎት ጋር እናስራለን። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በየከተማው መብራት በዓመት ስንት ጊዜና ስንት ሰዓት እንደጠፋ እንዲያትም በሕግ እናስገድዳለን። የጠፋበት ሰዓት ካልቀነሰ የሚቀጥለው የታሪፍ ጭማሪ በዚያ ከተማ አይጸናም። ለጥገና መብራት የሚቋረጥ ከሆነ ከሦስት ቀን በፊት ይነገር፤ ወፍጮ ቤቱም አጥማጁም ቀኑን ያውቅና ሥራውን ያስተካክላል። በመስመሩ ጥፋት ዕቃው የተቃጠለበት ሰው ካሣ የሚያገኝበት ቀላል ሥርዓት ይቁም። ነዋሪው ለምሰሶና ለትራንስፎርመር ያዋጣው ገንዘብም ከወርኃዊ ሂሳቡ እየታሰበ ይመለስለት፤ ንብረቱን የተረከበው ድርጅት እስከሆነ ድረስ ዕዳውንም መረከብ አለበት።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉን፦ ከኃይል ሽያጭ ከሚገኘው የውጭ ምንዛሪ የተወሰነው እጅ በሕግ ለማሰራጫ መስመር መልሶ ግንባታ ብቻ እንዲውል እናደርጋለን፤ ወጪውም በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት በከተማ በከተማ ተዘርዝሮ ይቀርባል። በመንገድ ላይ የሚባክነውን ኃይል መቀነስም ራሱ ገቢ ነው፤ ያልባከነ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሸጣልና።

የማንችለውንም እንናገራለን። መብራት ማከፋፈሉ በፌዴራል መንግሥት ድርጅት እጅ ነው። ስለዚህ የክልል ምክር ቤት ወንበር ብቻ ብናገኝ ትራንስፎርመር የማዘዝ ሥልጣን አይኖረንም፤ ቁጥሩን ማስለካት፣ ማሳተምና በየወሩ መጠየቅ ግን እንችላለን። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ካገኘን የታሪፉንና የምንዛሪውን ሕግ እናቀርባለን። በአንድ ዓመት ውስጥ መብራት አይጠፋም ብሎ የሚምልላችሁ ዕጩ ከመጣ፣ የኛም ዕጩ ቢሆን፣ አትመኑት። በአንድ ዓመት ሊያልቅ የሚችለው ቆጠራው፣ የፊውዙ መስተካከልና በጣም የተጎዱት ሰፈሮች ሥራ ነው። ሙሉው የመልሶ ግንባታ ሥራ አምስቱንም ዓመት ይፈልጋል።

እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር ከእናንተ እንሻለን። በዚህ ወር በሰፈራችሁ መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፣ የተመለሰበትንም ጭምር በደብተር ያዙ፤ የተቃጠለ ዕቃ ካለም ጻፉ። ዕጩዎቻችን ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጡ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ። የኛን ብቻ አትጠይቁ፤ የገዢውንም ፓርቲ ዕጩ በዚያው ደብተር ጠይቁት።